የጥርጣሬ ገመድ

በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የውኃ መስመር ጥገና ሥራ ስጀምር፣ በመጀመሪያው ቀን አካፋ አልተሰጠኝም። እንድራመድ ነው የታዘዝኩት።

ቀኑን ሙሉ ሳያባራ ሲዘንብ ዋለ። የቡድኑ መሪ ኦቦ ዲንቃ የጎማ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ከአምቦ ላይኛው የውኃ ታንከር እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ድረስ በእግር ወረድን። እያንዳንዱ ቫልቭ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ የብረት ክዳኑን በዶማ ጫፍ ያነሣሉ፤ ከዚያ በቅርብ ካለ ግንብ ወይም ምሰሶ ተነሥቼ እርምጃዬን እየቆጠርኩ እንድመጣ ያዝዙኛል። ቫልቭ ማለት ከመሬት በታች ተቀብሮ የአንድን ሰፈር ውኃ ከሌላው ለይቶ የሚዘጋ ብረት ነው። ቱቦ ሲፈነዳ እሱን ያገኘ ሰው አንድ ሰፈር ይዘጋል። ያላገኘ ከተማውን በሙሉ ይዘጋል።

የዚያን ቀን የመጨረሻው ቫልቭ ከድልድዩ የድንጋይ ግንብ ጥግ አሥራ ስድስት እርምጃ ላይ ነበር። አሥራ ስድስት አልኩ። ድገመው አሉኝ። ደገምኩት፤ አሥራ ስድስት ሆነ።

ካርታ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አንድ ወረቀት አለ» አሉ። «ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ጊዜ የተሣለ ነው። የሣለው ሰው ሳይቆፈር ሣለው፤ የቆፈሩት ደግሞ ወረቀቱን አላዩትም።» ከዚያ በዝናብ የራሰ ኮፍያቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ካርታው እዚህ ነው። የመስመር ሠራተኛ ‹ምናልባት› አይልም። ምናልባት ካልክ ጉድጓዱም ምናልባት ይሆናል።»

ይህን አነጋገር ወደድኩት። ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያለውን ትምህርት ራሴ፣ ከሰው በተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው የተማርኩት። ብቻውን የተማረ ሰው የሚያውቀውን በጥርሱ ነክሶ ይይዛል፤ ወላዋይ ሰው አይወድም። እኔም አልወድም ነበር።

ቡድናችን አንድ ልማድ ነበረው። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በዕድሜ ወይም በማዕረግ ትልቁ ሰው እርምጃውን ቆጥሮ፣ ቫልቩ አለበት በሚለው ቦታ ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል። የተቀመጠውን ድንጋይ ማንም አያነሣም። ሐሳብ ያለው ሰው ቢኖር እንኳ ዶማውን አንሥቶ እዚያው ይቆፍራል። በአገራችን ትልቅ ሰው ተናግሮ ሲያበቃ ታናሹ «እንዲህ ቢሆንስ» አይልም። ይህ ለሽምግልና ጥሩ ልማድ ነው። ለቫልቭ ግን ጥሩ አልነበረም፤ ያንን ለማወቅ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

በሦስተኛው ዓመት ኦቦ ዲንቃ ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ መሬታቸው ወደ ደንዲ ሄዱ። ድንጋዩ ወደ እኔ እጅ ገባ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ጉደር አስቀመጥኩ፤ ዶማው በሦስተኛው ምት ክዳኑን መታ። ጌዶም እንዲሁ። ሰዎች «ኦቦ በንቲ መሬት ውስጥ ያያል» ማለት ጀመሩ። እኔም አልተቃወምኩም። ሸነን ላይ ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ የግራ ጉልበቴን ስጎዳ እንኳ ሁለት ወር ተኝቼ ስነሣ ያው ነበርኩ፤ ወይም ያው የሆንኩ መሰለኝ።

ይህን ጠባዬን ቤቴም ይዤው እገባ ነበር። ልጄ ሲፈን የቤት ሥራዋን ስጠይቃት «ይመስለኛል» ብላ ከጀመረች እቆጣለሁ። ይመስለኛል ምን ማለት ነው፣ ታውቂያለሽ ወይስ አታውቂም፣ እላት ነበር። ልጅቱ ከእኔ ጋር ስትነጋገር ዝምታ የምታበዛው ለዚህ እንደሆነ አልገባኝም። ጨዋነት ነው ብዬ ተደስቼ ነበር።

አሁን ወደ ጊንጪው ነገር ልምጣ። መናገሩ ደስ አይለኝም፤ ግን ያለ እሱ የቀረው አይገባም።

ጊንጪ ላይ ዋናው ቱቦ ፈነዳ። ቫልቩን ከብዙ ዓመት በፊት ከኦቦ ዲንቃ ጋር ሆኜ ከአንድ ግቢ በር ሥልሳ ሦስት እርምጃ ብዬ ይዤዋለሁ። ቆጠርኩ። ሥልሳ ሦስተኛው እርምጃ አዴ አበራሽ የሚባሉ ጌሾ እየሸጡ የሚኖሩ ሴት አጥር ሥር አደረሰኝ። ድንጋዩን አስቀመጥኩ። ከሠራተኞቹ አንዷ ወርቄ፣ ያኔ ቱቦ ገጣሚ ነበረች፣ «ኦቦ፣ ትንሽ ወደ ፊት አይመስልዎትም? መሬቱ እዚያ ጋ ሰርጎድ ብሏል» አለች። ድንጋዩ ተቀምጧል አልኳት። ዶማዋን አነሣች።

ቆፈርን፤ የለም። ድንጋዩ ስሕተት ሊሆን አይችልምና ጉድጓዱን ወደ አጥሩ ውስጥ አሰፋነው። የሴትዮዋ ጌሾ አሥራ አንድ ሥር ተነቀለ። አዴ አበራሽ በራቸው ላይ ቆመው «ማሎ፣ ይህ እኮ ቀለቤ ነው» ይሉ ነበር። ማሎ እባካችሁ ማለት ነው። እኔ የሕዝብ ሥራ ነው ብዬ መለስኩላቸው። ከተማው አራት ቀን ያለ ውኃ ቆየ። በአራተኛው ቀን እኔ ምሳ በሄድኩበት ወርቄ ያለችው ቦታ ላይ ቆፈረች፤ ቫልቩ እዚያ ነበር። ከድንጋዬ ስድስት ሜትር የማይሞላ ወደ ፊት።

ኃላፊያችን ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቀኝ፣ ድሮ ኦቦ ዲንቃ በተሳሳተ ቦታ አሳይተውኝ ነው አልኩ። ውሸት ነበር። የተናገርኩት በሙሉ ድምፅ፣ ዓይኑን እያየሁ ነው። አስተማሪዬን ሸጬ ስሜን ገዛሁ።

በዚያው ክረምት ሲፈን ከዩኒቨርሲቲ መጣች። የምታጠናው የሰው አእምሮ እንዴት እንደሚያስብና እንደሚያስታውስ ነው። የጊንጪን ነገር ከውሸቱ በስተቀር ነገርኳት። ልጄ አላጽናናችኝም። ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ሥልሳ ሦስቱን መጀመሪያ ሲቆጥሩ ጉልበትዎ ጤነኛ ነበር?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሜትሩን ከዕቃ ሳጥኔ አውጥታ ግቢያችን ውስጥ አራመደችኝ። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት፣ ከኩራት የተነሣ፣ የእርምጃዬን ርዝመት ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌው ነበር፦ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር። አሁን ሥልሳ ስድስት ሆነ። በእያንዳንዱ እርምጃ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ጠፍቷል። ዘጠኝን በሥልሳ ሦስት አባዛችው፤ አምስት ሜትር ከሥልሳ ሰባት። ያ ነው የአዴ አበራሽ ጌሾ የተነቀለበት ርቀት። ቁጥሬ ትክክል ነበር። የቆጠረው እግር ግን ሌላ እግር ሆኖ ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

በዚህ አላበቃችም። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ኳስ ሜዳ ወሰደችኝ። ጎሉን መነሻ አድርጋ አሥር እርምጃ ላይ ሚስማር ተከለች። አይቼው ተመለስኩ፤ ዓይኔን በነጠላ ሸፈነችኝ፤ ሚስማሩ አለበት በምለው ቦታ እንድቆም አዘዘችኝ። ደጋግመን አደረግነው። ከዚያ ሚስማሩን ወደ ሃያ፣ ከዚያ ወደ አርባ እርምጃ አራቀችው። ጎረቤቶች ከአጥር በላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። አንዱ ሚስቴን «በንቲን ልጁ ምን ሲያደርግ አግኝታው ነው የምትቀጣው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም የድሮውን ሁሉ እያስከፈለችው ነው አለችው።

አሥር እርምጃ ላይ የቆምኩባቸው ቦታዎች ሁሉ አንድ ክንድ በማይሞላ ስፋት ውስጥ ወደቁ። አርባው ላይ የአንድ ክፍል ቤት ወለል የሚያህል ተበተኑ። ከእያንዳንዱ በፊት ሲፈን «ምን ያህል እርግጠኛ ነዎት? በኖራ ክብ ያሥምሩልኝ» ትለኝ ነበር። እኔ ሁልጊዜ የሰሐን ያህል ትንሽ ክብ ነው የማሠምረው።

«እግርዎ ግን እንዲህ አይልም» አለች።

ምን ማለትሽ ነው አልኳት።

«አሥሩ ላይ ሲሄዱ ቀጥ ብለው ሄደው ይቆማሉ። አርባው ላይ መጨረሻው አካባቢ እርምጃዎ ያጥራል፤ እጅዎን ወደ ፊት ይዘረጋሉ። ጭንቅላትዎ ቦታውን ብቻ አልያዘም፤ ጥርጣሬውንም ስፋቱን ለክቶ ይዞታል። እግርዎ ያውቀዋል። አፍዎ ነው የማይናገረው።»

ከዚያ በኋላ ያስረዳችኝን፣ ይዛ የመጣችውንም ወረቀት አንድ ወር ሙሉ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ሳነብ የተረዳሁትን፣ በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። አእምሯችን ውስጥ የት እንዳለን የሚከታተሉ ሕዋሳት አሉ። ስንራመድ እርምጃችንን ይደምራሉ። እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ስሕተት ይዞ ይመጣል፤ ስሕተቱ ከስሕተት ላይ ይጠራቀማል። ግንብ ወይም የምናውቀው ምልክት ጋ ስንደርስ ሒሳቡ ይታረማል። ስለዚህ ከምልክት በራቅን ቁጥር የምናውቀው ቦታ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሜዳ ይሆናል። አእምሮ ሁለት ምስክር ሲያገኝ ደግሞ እኩል አያምናቸውም፤ ጥርጣሬው ለጠበበው የበለጠ ያደላል። ይህን የጥርጣሬ ስፋት ሕዋሳቱ በምን መልክ እንደሚይዙት ግን ምሁራኑ ራሳቸው ገና ይከራከራሉ። ሲፈን ይህንን ስትነግረኝ አላፈረችም። የተማረ ሰው «ገና አልታወቀም» ሲል ሳያፍር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለ ትዝታ የነገረችኝ ግን ከሁሉም በላይ ከበደኝ። ትዝታ በደመቀ ቁጥር እውነት ነው ማለት አይደለም። በተነሣ ቁጥር ይነካካል፤ የሌላ ቀን ነገር ይገባበታል። እኔ ደግሞ ዕንጀራዬ ትዝታዬ ነበር።

ወደ ሥራ ስመለስ ድንጋዩን ሻርኩት። በምትኩ የቃጫ ገመድ አመጣሁ። ሕጉ ይህ ነበር፦ ከቁፋሮ በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ሳለ፣ ቫልቩ ከዚህ ውጭ አይሆንም የሚለውን ክልል በገመድ ይከብባል። እርግጠኛ የሆነ ትንሽ ገመድ፣ የተጠራጠረ ብዙ ገመድ ይወስዳል። በኖራ አሥምሮ ገመዱን ያነሣል። ገመዶቹ የተደራረቡበት ቦታ ይቆፈራል። የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅተኛው ነው። ትልቁ መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው።

ሳቁብኝ። ለጥርጣሬም ገመድ ተቆረጠለት ወይ አሉ። ወርቄ ገመዱን በክንዷ ለክታ «የእኔን ጥርጣሬ የጥጃ ገመድ ይበቃዋል፤ የባሌን ግን የበሬም አይበቃው» አለች፤ ባሏ ከእኛው ጋር ቆፋሪ ነበርና እሱም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ፣ ጊንጪ ላይ ወርቄ ልክ እንደነበረች፣ እኔ እንደተሳሳትኩ፣ የተሳሳትኩትም በእግሬ ብቻ ሳይሆን በኩራቴ እንደሆነ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። የኦቦ ዲንቃን ግን አልተናገርኩም።

ገመዱ ሠራ። ጉደር ላይ ሁለት ጊዜ፣ በጠጠር መንገድ ላይ አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ጉድጓድ አገኘን። አንዳንዴ ገመዶቹ ሳይነካኩ ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ አንቆፍርም። ተጨማሪ ምልክት እንፈልጋለን፤ የድሮ ነዋሪ እንጠይቃለን። አለመቆፈርም ሥራ እንደሆነ ያኔ ተማርን።

ከዚያ በ2016 ዓ.ም. የአምቦው መንገድ መጣ።

በድልድዩ በኩል መንገዱ ሊሰፋ ነበር። ሁለት ወገን ያሉት ዛፎች ተቆረጡ፤ የግቢ አጥሮች ወደ ኋላ ተገፉ፤ መሬቱ ጠጠር ለብሶ ተዳመጠ። በመጀመሪያው ቀኔ የቆጠርኩት የድልድዩ ቫልቭ እዚያ ሥር ቀረ። ያ ቫልቭ ጤና ጣቢያው ያለበትን የታችኛውን ሰፈር በሙሉ የሚለይ ነው። አስፋልት ካለፈበት፣ ከእንግዲህ ታች ሰፈር አንድ ቱቦ በፈነዳ ቁጥር ላይኛው ከተማ ሁሉ ይደርቃል። ይህን ያወቅነው አስፋልቱ ሊፈስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ኃላፊያችንና እኔ የመንገዱን ፎርማን ለመንነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፀሐይ ያከሰለው፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። የተዳመጠውን መሬት ማፍረስ እንደማይችል ነገረን። ኃላፊያችን ስለ ጤና ጣቢያው ደጋግሞ ሲነግረው በመጨረሻ «አንድ ጉድጓድ» አለ። «ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት። ከዚያ ሮለሩ ያልፋል።»

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞረና «ኦቦ በንቲ፣ ይህችን እርስዎ ያውቋታል» አለ። የቀድሞው በንቲ ቢሆን ድንጋዩን እዚያው ያስቀምጥ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ። «ምን ያህል እንደማላውቅ ግን አውቃለሁ።»

ፎርማኑ ይህን ሲሰማ ሰዓቱን አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድልድዩ ግንብ ጥግ ያለው ርቀት አያሳስበኝም። ግንቡ አሁንም ቆሟል፤ አሥራ ስድስት እርምጃ አጭር ነው፤ በድሮ እግሬ ደግሞ ልክ አሥራ ሁለት ሜትር ይሆናል። የሚያሳስበኝ ከመንገዱ የትኛው ወገን ነው የሚለው ነው። እኔ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ትዝታ አለኝ፦ ኦቦ ዲንቃ ክዳኑን ሲያነሡ የዋርካ ጥላ ክዳኑ ላይ ወድቋል። ዋርካው የነበረው በታችኛው ወገን ነው። ስለዚህ ታች ነው ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ታች ልል አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝ። ያን ቀን ሙሉ ዘንቧል። ሳያባራ ዘንቧል። በዝናብ ቀን ጥላ ከየት ይመጣል?

ጥላው የሌላ ቀን ነበር፤ ምናልባትም የሌላ ቫልቭ። አእምሮዬ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቶ፣ አሳምሮ አስቀምጦልኛል። ደማቅነቱን አምኜ ቢሆን ኖሮ ያቺን አንዲት ጉድጓድ መንገዱ ማዶ ነበር የማስቆፍራት። ስለዚህ የእኔ ገመድ በርዝመቱ በኩል ጠባብ፣ በጎኑ በኩል ግን ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ሰፊ ሆነ። ልክ መንገዱን እንደሚያቋርጥ ቦይ።

የሀገረ ሕይወቱን ወረቀትም አወጣነው። የእሱ ገመድ ድልድዩንም ገበያውንም ይከብባል። ሰፊ ገመድ ውሸት አይደለም፤ ግን አይቆፈርበትም።

ሌላ ምስክር ያስፈልገኝ ነበር። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

በማግስቱ ማለዳ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዤ ደንዲ ሄድኩ። ኦቦ ዲንቃን በራቸው ላይ በዱላቸው ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። አርጅተዋል። የልጃቸው ሚስት፣ ቁርስ መብላታቸውንና አለመብላታቸውን አንዳንዴ እንደሚረሱ በጆሮዬ ነገረችኝ። መኪናው ጊንጪን አቋርጦ ወደ አምቦ ሲያመራ፣ የአዴ አበራሽን አጥር አልፈን፣ ያኔ ነገርኳቸው። የጊንጪውን ቫልቭ ስስት፣ እርሳቸው በተሳሳተ ቦታ አሳይተውኝ ነው ብዬ ለኃላፊ እንደተናገርኩ።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«በእኔ አሳበብክ» አሉ።

አዎ አልኩ።

«ቫልቩ ግን ተገኘ?»

ወርቄ እንዳገኘችው ነገርኳቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ መኪናውን ቀስ አደረግኩ። እየሳቁ ነበር።

«በንቲ፣ እኔ ስንት ጉድጓድ በከንቱ እንዳስቆፈርኩ ታውቃለህ? ኃላፊ ሲመጣ ‹ለቁጥጥር የተቆፈረ ነው› እለው ነበር። ጊንጪ፣ ጌዶ፣ እዚሁ አምቦም። የቁጥጥር ጉድጓድ!» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ምናልባት አትበል ያልኩህ እኮ ስለማውቅ አይደለም። ምናልባት ካልኩ የሚታዘዝልኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁን ንዳ። ለኃላፊህ ግን እውነቱን ዛሬውኑ ትነግረዋለህ።»

እነግረዋለሁ አልኩ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። የእኔን ገመድ አስቀድሜ በወረቀት ሥዬ ለወርቄ ሰጥቻታለሁ፤ እርሳቸው እንዳያዩት። ሕጉን ነገርኳቸው። «እንደ ፈተና ተማሪ ልትደብቁብኝ ነው?» አሉ። ከዚያ ቆመው አካባቢውን ተመለከቱ። ዛፉ የለም። አጥሩ የለም። ፊታቸው ላይ እንግዳ አገር የገባ ሰው ሁኔታ አየሁ።

ወርቄ ገመድ ሰጠቻቸው፤ ሁለት ክንድ የምትሆን። እኛ ዞረን ቆምን። ከኋላችን የዱላቸው ድምፅ ጠጠሩ ላይ ኳ ኳ ይላል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይላል። ሮለሩ ሞተሩን እንዳስነሣ ቆሟል። ከዚያ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ወርቄ፣ ገመድ ጨምሪልኝ።»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ድፍረት ከአንድ አለቃ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እንደገና «ጨምሪ» አሉ። ጨመረች።

ዞረን ስናይ የእርሳቸው ክብ ክብ አልነበረም። እንደ ትልም ጠባብና ረጅም ነበር፤ በመንገዱ ላይኛ ወገን፣ ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን የተኛ። «ርቀቱን አላውቀውም፤ ጠፍቶብኛል» አሉ። «ወገኑን ግን አውቃለሁ። ያንን ቫልቭ በጠገንን ቁጥር ጭቃው መንገዱን አቋርጦ ወደ ታች ይወርድና ሾፌሮች ይሰድቡናል። ጭቃ ወደ ላይ አይወጣም። ከድልድዩ ግንብ መስመር ወደ ላይ ደግሞ የአንድ ጋሪ ስፋት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።»

ወርቄ የእኔን ወረቀት ዘርግታ፣ ከግንቡ ጥግ አሥራ ሁለት ሜትር በሜትር ለክታ፣ የእኔን ቦይ በኖራ አሠመረች። እኔ የማላውቀውን እርሳቸው ያውቁታል፤ እርሳቸው የጠፋባቸውን እኔ ይዤዋለሁ። ሁለቱ እንደ መስቀል ተቋረጡ። የተቋረጡበት ቦታ ከበርሜል አፍ ብዙም አይበልጥም።

ፎርማኑ መጥቶ ኖራውን አየ። «የትኛው ነው ትክክል?» አለ።

ወርቄ «ሁለቱም በከፊል ናቸው» አለችው።

ባሏ ዶማውን አነሣ። የተዳመጠው ጠጠር እንደ ሲሚንቶ ጠንክሮ ነበር፤ ጠጠሩ ብቻ አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደ። ከዚያ ቀይ አፈር፤ ከዚያ ጥቁር፤ ከዚያ የድሮ አሸዋ። ኦቦ ዲንቃ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን ጨብጠዋል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዶማው ደወል መታ። ደወል ነው የምለው፤ ብረት ከብረት ሲገናኝ የሚሰማውን ድምፅ ሠላሳ ሰው ሰማ። የመንገዱ ሠራተኞችም ሥራቸውን ትተው ከበውን ነበርና።

ክዳኑን አነሣን። የቫልቩ አንገት ዝጓል። ዘይት አፈሰስንበት፤ ረጅሙን ቁልፍ አስገብተን እኔና ወርቄ በሁለት ወገን ገፋነው። አልሄደም። እንደገና ገፋነው። ሩብ ዙር ሄደ፤ ከዚያ ግማሽ፤ ከዚያ ተለቀቀ። ታች ሰፈር ቧንቧ ከፍታ የምትጠብቅ ሠራተኛችን ስልክ ደወለችና ውኃው እንደቆመ ነገረችን። መልሰን ስንከፍተው መጣ አለች። ሰዉ አጨበጨበ። ፎርማኑ ሮለሩን በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስጠፋው፤ ግንበኞቹን ጠርቶ የቫልቩ ማንሆል እስከ አስፋልቱ ከፍታ እንዲገነባ አዘዘ። ከዚያ ለኦቦ ዲንቃ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ቢሮ ገብቼ የጊንጪን እውነት ነገርኩት። ኦቦ ዲንቃ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ኃላፊያችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ተገቢ ነበር። ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ።

ለሲፈን ስልክ ደወልኩላት። ክዳኑ ገመዶቹ ከተቋረጡበት ቦታ መሐል ስንዝር ያህል ወደ ዳር ወጣ ብሎ እንደተገኘ ነገርኳት። ስትስቅ ሰማኋት። ከዚያ፣ በልጅነትሽ ይመስለኛል ስትዪ የተቆጣሁሽ ስሕተት ነበር አልኳት። «ይቅር ያልኩዎት ይመስለኛል፣ አባባ» አለች። በዚህኛው አልተቆጣሁም።

አሁን ጉልበቴ አላሠራ ብሎኝ ያለ ዕድሜዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ገመዱ ወርቄ ጋ ነው፤ የቡድኑ መሪ እሷ ናት። እያንዳንዱ ቫልቭ በሜትር ተለክቶ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከርቀቱ አጠገብ የጥርጣሬው ስፋት የሚጻፍበት ዐምድ አለ። ባዶ መተው አይፈቀድም። ዜሮ መጻፍም አይፈቀድም። ጊንጪ ሄጄ ለአዴ አበራሽ አሥራ አንድ የጌሾ ችግኝ ተክያለሁ፤ ዘጠኙ ጸድቀዋል፤ ሁለቱን ዘንድሮ እተካለሁ።

ከአሥር ዓመት ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። ርቀትን በሜትር ለኩ። ታናሹ አስቀድሞ ይናገር። ቦታውን ስትናገሩ የጥርጣሬውንም ስፋት ተናገሩ። ቫልቩ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ ያገኘዋል፤ አለማወቁን የማያውቅ ሰው ግን የሰው ጌሾ ይነቅላል።